ከነውሻዎ ይግቡ፦ የብሪታንያ ገጠር ፐቦችና የእግር መንገዶች

በብሪታንያ ገጠር ውሻ ይዞ የሚጓዝ ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው በሁለት ቦታ ነው፤ በእርሻና በግጦሽ መካከል በሚያልፈው የእግረኛ መንገድ ላይ፣ ከዚያም መንገዱ በሚያልቅበት ፐብ ውስጥ። ጠዋት የጫማውን ክር አጥብቆ ይነሳል፣ እኩለ ቀን ላይ ከኮረብታው አናት ይደርሳል፣ ከሰዓት በኋላ ጭቃውን ከነጫማው ይዞ የፐቡን በር ይገፋል። ውሻውም አብሮት ይገባል። ልማዱ ለአገሬው ሰው የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ይሁን እንጂ ውሻው ቀን በሜዳው እንዲቦርቅ፣ ማታ በእሳት ዳር እንዲተኛ ያስቻለው የብዙ ዘመን ሕግ፣ ትግልና መተማመን ነው።

በመላው ብሪታንያ ከ10 ሚሊዮን በላይ ውሾች እንዳሉ ይገመታል። አብዛኞቹ የሚያድሩት በግቢ ሳይሆን ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ጣሪያ ስር ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ለዕረፍት ሲወጣ ውሻውን ለማን ትቶ ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ብዙዎች የሚመርጡት ይዘውት መሄድን ነው። ይህ ምርጫ የት እንደሚታደር፣ የት እንደሚበላና በየት እንደሚኬድ ይወስናል፤ ለገጠሩ ፐብም ትልቅ ገበያ ሆኗል።

የሕዝብ ቤት

«ፐብ» የሚለው ስም «የሕዝብ ቤት» ከሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ያጠረ ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የቅርብ ዘመዱ ጠጅ ቤት ነው፤ መጠጥ ይቀዳበታል፣ ወሬ ይሰማበታል፣ የመንደሩ ሰው ከመንገደኛው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጥበታል። ንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድ በ1393 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የለንደን ቢራ ሻጮች በደጃቸው ምልክት እንዲሰቅሉ አዝዞ ነበር። ማንበብ የማይችል መንገደኛ ሥዕሉን አይቶ እንዲገባ የሚረዳው ሰሌዳ እስከ ዛሬ የፐብ መለያ ነው። ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ የውሻ ናቸው፤ «ቀበሮውና አዳኝ ውሾቹ»፣ «ውሻውና ዳክዬው»፣ «ግሬይሃውንድ»፣ ዛሬ ዘሩ በጠፋ ነጭ አዳኝ ውሻ የተሰየመው «ታልቦት»። ውሻ ለፐብ አዲስ እንግዳ አለመሆኑን ሰሌዳው ራሱ ይመሰክራል።

ውሻ በሚቀበል የገጠር ፐብ ደጃፍ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የውሃ ሳህን ነው። ከውስጥ ወለሉ ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ጭቃ ቢረግጠው በውሃና በመጥረጊያ ይለቃል። በኅዳር ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከኮረብታ የወረደ አንድ ኮሊ የተባለ ዝርያ ውሻ በሩን እንዳለፈ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ ተንዘፍዝፎ ውሃውን ያራግፋል። ባለቤቱ ፎጣ አውጥቶ አራቱን እግሮቹን በየተራ ይጠርግለታል። ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ሴት ከመስታወት ማሰሮ ደረቅ ብስኩት አንስታ «ልስጠው?» ብላ ባለቤቱን ታስፈቅዳለች። ኮሊው ብስኩቱን ቀርጥፎ ከጠረጴዛው ስር ይጠቀለላል፤ አገጩን በጌታው ጫማ ላይ ያሳርፋል፤ የምድጃው ሙቀት ከእርጥብ ጠጉሩ ላይ እንፋሎት ያስነሳል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው የአማርኛ ምሳሌ የታማኝነቱ ምስክር ነው፤ በፐብ ግን የሚወደደው በበላበት ዝም ብሎ የሚተኛው ነው።

ብዙ ሰው ውሻ ምግብ ወደሚቀርብበት ቤት መግባቱ በሕግ የተከለከለ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ጠቅላላ ክልከላ የለም። የምግብ ንጽሕና ደንቡ የሚጠይቀው እንስሳ ምግብ ወደሚዘጋጅበት፣ ወደሚያዝበትና ወደሚከማችበት ክፍል እንዳይገባ ነው፤ እንግዶች የሚቀመጡበትን ክፍል ለውሻ መክፈትም ሆነ መዝጋት የባለቤቱ ፈንታ ነው። በዚህ ምክንያት በአንድ ጣሪያ ስር ሁለት ሥርዓት ይገኛል፤ ባንኮኒው ያለበት ክፍል ለውሻ ክፍት ሆኖ ምንጣፍ የተነጠፈበት የምግብ ክፍል ዝግ ይሆናል። ከባለቤቱ ፈቃድ ውጪ የሆኑት ዓይነ ስውራንን የሚመሩትና ሌሎች አካል ጉዳተኞችን የሚረዱት የሠለጠኑ ውሾች ናቸው። በ2010 የወጣው የእኩልነት ሕግ ለእነዚህ ጥበቃ ስለሚያደርግ፣ «እኛ ዘንድ ውሻ አይገባም» የሚል ፐብም በሩን ሊዘጋባቸው አይችልም።

ፐቦች ለውሻ በራቸውን የከፈቱት ለእንስሳው ካላቸው ፍቅር ብቻ አይደለም። በ2000 ወደ 60,000 ይጠጋ የነበረው የብሪታንያ ፐብ ዛሬ ወደ 45,000 ወርዷል። የቢራ ቀረጥ፣ በሱፐርማርኬት በርካሽ የሚሸጠው መጠጥ፣ በእንግሊዝ ከሐምሌ 2007 ወዲህ በቤት ውስጥ ማጨስ መከልከሉና የመብራትና የማሞቂያ ወጪ እያደር መናሩ አንድ ላይ ተደምረው ብዙዎችን አዘግተዋል። ለከተማ ሩቅ የሆነ ፐብ ደግሞ በበጋ ቅዳሜና እሑድ ቢሞላም በክረምት ማክሰኞ ባዶ ይውላል። ውሻ ያለው ሰው ግን ዝናብም ቢሆን፣ ውርጭም ቢሆን፣ በየቀኑ ከቤት መውጣት ግድ ይለዋል። ሌላው እንግዳ በማይመጣበት ቀን በሩን የሚገፋው እርሱ ነው። አንድ ሳህን ውሃና አንድ ብስኩት የሚያስወጣው ኢምንት ነው፤ የሚያመጣው ግን ምሳ የሚበላ፣ አንዳንዴም የሚያድር ቤተሰብ ነው።

የገጠር ፐብ ከመጠጥ ቤትነቱ ባሻገር መጠለያም ነው። በሰሜን እንግሊዝ ከባሕር ወለል በ528 ሜትር ከፍታ ላይ የቆመው ታን ሂል ኢን የብሪታንያ ከፍተኛው ፐብ ነው። ዙሪያውን ከበግና ከረግረግ ሜዳ በቀር ጎረቤት የለውም። በኅዳር 2021 አርዌን የተባለው ማዕበል በረዶ ቆልሎ መንገዱን ሲዘጋ ከ60 በላይ እንግዶች እዚያው ሦስት ሌሊት አድረዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ ውሻ ይግባ አይግባ የሚለው ጥያቄ ከምቾት ያልፋል፤ ደጅ የሚቀር ውሻ በብርድ ይሞታል።

በፐብ ውስጥ ያለው ሥነ ሥርዓት አጭር ነው። ከመሄድ በፊት ደውሎ መጠየቅ፣ ውሻውን አድርቆ ማስገባት፣ ገመዱን አሳጥሮ ከጠረጴዛ ስር ማስተኛት፣ ወንበር ላይ አለማውጣት፣ የሌላ ሰው ውሻ ጋ ሳያስፈቅዱ አለመቅረብ። ከሳህን ላይ ማጉረስ ለውሻው ደግነት የሚመስል ጉዳት ነው። የእሑድ ጥብሱ ላይ የሚፈሰው ስልስ ብዙ ጊዜ ሽንኩርት አለበት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። በገና ኬክና ፑዲንግ ውስጥ ያለው ዘቢብ ኩላሊቱን ሊያጠፋ ይችላል። ቸኮሌት፣ አልኮልና ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ መርዝ ናቸው፤ የበሰለ አጥንት ደግሞ ተሰንጥሮ አንጀት ይበሳል።

በእግር የተጻፈ መብት

ከፐቡ በር የሚነሳው መንገድ የራሱ ታሪክ አለው። በእንግሊዝና በዌልስ ሕዝብ በሕግ የመተላለፍ መብት ያለው መንገድ ርዝመቱ ወደ 225,000 ኪሎ ሜትር ነው። አብዛኛው የሚያልፈው በግል መሬት ላይ ነው፤ በገበሬ ማሳ መካከል፣ በግጦሽ መሬት፣ አንዳንዴም በቤት ጓሮ። መሬቱ የባለቤቱ ነው፤ የማለፍ መብቱ የሕዝብ ነው። ከእነዚህ መንገዶች ብዙዎቹን ማንም አልቀየሳቸውም። ሰው ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ወፍጮ ሲመላለስ በእግሩ ያወጣቸው ናቸው። ሕጉም ይህንኑ ያከብራል፤ ሰው እንደ መብቱ ቆጥሮ ያለ ከልካይ 20 ዓመት የተመላለሰበት መንገድ ለሕዝብ የተሰጠ ነው ተብሎ ይገመታል። በ1949 የወጣው የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ደግሞ የየአካባቢው አስተዳደር መንገዶቹን በካርታ እንዲመዘግብ አስገድዷል።

መንገደኛው መንገዱን የሚያውቀው በምሰሶና በበር ላይ ከተቸነከረች ትንሽ ቀስት ነው። ቢጫ ቀስት እግረኛ ብቻ የሚያልፍበት ነው፤ ሰማያዊው ለእግረኛ፣ ለፈረሰኛና ለብስክሌት ነው፤ ቀዩ ለተሽከርካሪም ክፍት ነው። የአገሪቱ የካርታ ድርጅት ኦርድናንስ ሰርቬይ በሚያዘጋጀው ዝርዝር ካርታ ላይ መንገዶቹ በአረንጓዴ ጭረት ይታያሉ፤ ፐብ ደግሞ «ፒ ኤች» በሚሉ ሁለት ፊደላት ተለይቶ ይታወቃል። ልምድ ያለው ተጓዥ የቀኑን ጉዞ የሚያቅደው ከፊደላቱ ተነስቶ፣ አረንጓዴውን ጭረት ተከትሎ፣ ወደ ፊደላቱ በመመለስ ነው።

በእነዚህ መንገዶች ላይ ውሻ የመንገደኛው የተለመደ አጃቢ ተብሎ ስለሚቆጠር አብሮ ማለፍ ይችላል። በጠቅላላው ሕግ ገመድ ማሰር ግዴታ ባይሆንም ውሻው ከመንገዱ ሳይወጣ በባለቤቱ ቁጥጥር ስር መሆን አለበት። ከመንገድ ወጥቶ እንደ ልብ በሚኬድበት ክፍት መሬት ግን ሕጉ ይጠብቃል። በ2000 የወጣው የገጠርና የመተላለፊያ መብት ሕግ ተራራን፣ ረግረግ ደጋንና የወል መሬትን ለእግረኛ ከፍቷል፤ በዚያው ላይ ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ውሻ ከ2 ሜትር ባልረዘመ ገመድ እንዲያዝ አዟል። ከብት ባለበት አቅራቢያ ግዴታው ዓመቱን ሙሉ ነው። ወራቱ የተመረጡት ወፎች መሬት ላይ እንቁላል የሚጥሉባቸው ስለሆኑ ነው። በዓለም ካሉት ከርሉ የተባሉ ወፎች ሩብ ገደማ የሚራባው በብሪታንያ ነው፤ ውሻ ሲሮጥባት ጎጆዋን ጥላ የምትበር እናት ወፍ እንቁላሎቿን ለብርድና ለቁራ ትታ ትሄዳለች።

ስኮትላንድ የተለየ ሥርዓት አላት። በ2003 የወጣው የመሬት ማሻሻያ ሕግ በኃላፊነት ለሚጓዝ ሰው በአብዛኛው መሬትና ውሃ ላይ የመዘዋወር መብት ሰጥቶታል። ውሻ ያለው ሰው ይህ መብት የሚጸናለት ውሻውን በአግባቡ እስከተቆጣጠረ ድረስ ብቻ ነው።

ከኤዴል ወደ ኪንደር ስካውት

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ጉዞ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ከማንቸስተር ወደ ሼፊልድ የሚሄደው ባቡር መካከል ላይ ኤዴል ከተባለች ትንሽ መንደር ይቆማል። ከጣቢያው ጥቂት ደቂቃ በእግር ኦልድ ናግስ ሄድ የተባለው ፐብ ይገኛል፤ ሕንፃው ከ1577 ጀምሮ እንደቆመ ይነገርለታል። በ1965 የተከፈተውና የአገሪቱ የመጀመሪያ ረጅም ብሔራዊ የእግር መንገድ የሆነው ፔናይን ዌይ የሚጀምረው ከዚህ ደጃፍ ነው። መንገዱ 431 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ተጉዞ፣ ታን ሂልን አልፎ፣ በስኮትላንድ ድንበር ከርክ የትም በተባለ መንደር፣ እንደገና በአንድ ፐብ ደጃፍ ያበቃል።

የአንድ ቀን ተጓዥ የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ይወስዳል። መንገዱ በጎች በሚግጡበት ሜዳ ያልፋል፤ እዚህ ውሻው በገመድ ነው። ያለ ጭቃ የተካቡ ረጃጅም ካቦች ሜዳውን ይከፋፍሉታል። ካቡን ሳይንዱ ለመሻገር አንዳንድ ቦታ ጠባብ በር፣ ሌላ ቦታ ከካቡ ጋር የተገነባ የድንጋይ መወጣጫ አለ። ትንሽ ውሻ በመወጣጫው ራሱ ይዘላል፤ ትልቅና ያረጀ ውሻ ግን መሸከም ይፈልጋል። ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ላብራዶር ታቅፎ ካብ መሻገር የሚጠብቀው ሰው መንገዱን አስቀድሞ በካርታ ማጥናት ይበጀዋል።

ከሜዳው በኋላ የያዕቆብ መሰላል የተባለው ዳገት ይመጣል። ስሙ የኦሪቱን ታሪክ ቢያስታውስም በአካባቢው የሚተረከው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በአቅራቢያው ይኖር የነበረ ያዕቆብ ማርሻል የተባለ ገበሬ ነው፤ የጭነት ፈረሶቹ በጥምዝምዙ መንገድ ሲወጡ እርሱ አቋርጦ ለመድረስ ደረጃውን በዳገቱ ላይ ቆፍሮ አወጣው ይባላል። ከላይ ኪንደር ስካውት በ636 ሜትር ከፍታ ተንጣልሎ ይገኛል፤ መሬቱ ለዘመናት ከበሰበሰ እጽዋት የተከማቸ ጥቁር አፈር ነው። ዝናብ ሲጠግብ እስከ ጉልበት ያሰምጣል። አፈሩ እንዳይሸረሸር በፔናይን ዌይ ላይ ብዙ ቦታ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፏል፤ ከድንጋዮቹ ብዙዎቹ ከፈረሱ የጥጥ ፋብሪካዎች ወለል የመጡ ናቸው። ውሻም ሰውም ከድንጋዩ ባይወርዱ ለራሳቸውም ለመሬቱም ይሻላል።

እዚህ መድረስ ሁልጊዜ የተፈቀደ አልነበረም። ኪንደር ለወፍ አደን ተከልሎ በጠባቂዎች ይጠበቅ ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1932 የ20 ዓመቱ ቤኒ ሮትማን ከመሩት ወጣቶች አንዱ ሆኖ ወደ 400 የሚጠጉ፣ ብዙዎቹ የማንቸስተር ሠራተኞች የሆኑ እግረኞች ሆን ብለው ክልሉን ጥሰው ወጡ። ከጠባቂዎች ጋር ግብግብ ተፈጠረ፤ አምስት ሰዎች ከ2 እስከ 6 ወር ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ፍርዱ ሕዝቡን አስቆጣ፤ ጥያቄውንም አጠነከረው። በ1951 ኪንደርን የያዘው ፒክ ዲስትሪክት የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ2002፣ በ70ኛው ዓመት መታሰቢያ ላይ፣ የዚያን ጊዜው ባለመሬት የልጅ ልጅ የሆኑት የዴቨንሻየር መስፍን ስለ አያታቸው ድርጊት በአደባባይ ይቅርታ ጠይቀዋል። ዛሬ ውሻ ይዞ በዚያ ሜዳ የሚያልፍ ሁሉ የሚራመደው እነዚያ ወጣቶች ታስረው ባስከፈቱት መንገድ ነው።

በግ፣ ላምና ገመድ

በገጠር ጉዞ ትልቁ አደጋ ውሻ በከብት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ብዙ ባለቤት «የእኔ ውሻ አይነክስም» ይላል። ለበግ ግን መነከስ አያስፈልግም። ያረገዘች በግ ተባርራ ብቻ ልትጨነግፍ ትችላለች፤ መንጋው ደንግጦ ከካብ ጥግ ሲደራረብ ከስር ያሉት ታፍነው ይሞታሉ። እናት ከግልገሏ በሩጫ ከተለያየች ግልገሉ ብቻውን ቀርቶ በረሃብና በብርድ ያልቃል። ከብት አርብቶ ለሚያድር ለማንኛውም አገር ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም።

በ1953 የወጣው ከብትን ከውሻ የመጠበቂያ ሕግ ማባረርንም ጭምር ወንጀል አድርጎታል፤ በጎች ባሉበት ሜዳ ውሻን ያለ ቁጥጥር መልቀቅ ብቻውን ያስጠይቃል። በ1971 የወጣው የእንስሳት ሕግ ደግሞ ገበሬው ከብቱን ለማዳን ሌላ አማራጭ ሲያጣ ውሻውን ተኩሶ ቢገድል፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ለፖሊስ ቢያሳውቅ፣ በካሣ ክስ መከላከያ ይሆነዋል። ስኮትላንድ በ2021 ቅጣቱን እስከ 40,000 ፓውንድ ወይም እስከ 12 ወር እስራት አድርሳዋለች።

ከላም ጋር ነገሩ ይገለበጣል፤ አደጋው በሰው ላይ ነው። ጥጃ ያላት ላም ውሻን እንደ አውሬ ታየዋለች። በ2009 የቀድሞው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዴቪድ ብላንኬት፣ ዓይነ ስውር ናቸውና ከመሪ ውሻቸው ጋር በፒክ ዲስትሪክት ሲሄዱ፣ ላም አጥቅታቸው የጎድን አጥንታቸው ተሰብሯል። ምክሩ ግልጽ ነው። ላሞች ባሉበት ሜዳ ውሻውን በአጭር ገመድ ይዞ፣ ራቅ ብሎ ዞሮ፣ በላምና በጥጃ መካከል ሳይገቡ፣ ሳይሮጡ ማለፍ። ላሟ ከመጣች ግን ገመዱን መልቀቅ ያስፈልጋል። የምትፈልገው ውሻውን ነው፤ እርሱ ሮጦ ያመልጣል፣ ሰው ግን አያመልጥም። ውሻውን ለማዳን ገመዱን አጥብቆ መያዝ ሰውን ለጉዳት ያጋልጣል።

የውሻ ዓይነ ምድርም የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኒዮስፖራ የተባለ ጥገኛ ተውሳክ በውሻ ዓይነ ምድር ወደ ሣሩ ይገባል፤ ሣሩን የበላች ላም ልትጨነግፍ ትችላለች። ስለዚህ በላስቲክ ከረጢት ለቅሞ መጣል በከተማ ብቻ ሳይሆን በሜዳም ግዴታ ነው። ከረጢቱን ቋጥሮ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥሎ መሄድ ቆሻሻውን ከመተው የባሰ ነው፤ ላስቲኩ አይበሰብስም፣ ከብትም ሊበላው ይችላል።

የጌለርት መቃብር

ውሻ፣ ፐብና የእግር ጉዞ አንድ ላይ የተገናኙበት ጥንታዊ ታሪክ በሰሜን ዌልስ ቤዝጌለርት በተባለ መንደር ይተረካል። ታላቁ የዌልስ መስፍን ሊዌሊን ጌለርት የተባለ ታማኝ አዳኝ ውሻ ነበረው። አንድ ቀን ከአደን ሲመለስ የሕፃን ልጁ አልጋ ተገልብጦ፣ የውሻው አፍ በደም ርሶ ያገኛል። ልጄን በላብኝ ብሎ ሰይፉን ይሰካበታል። ውሻው ሲያጣጥር ከተገለበጠው አልጋ ስር የሕፃን ልቅሶ ይሰማል፤ ልጁ ደህና ነው፣ አጠገቡ ጌለርት የገደለው ተኩላ ተጋድሟል። መስፍኑ ከዚያ ቀን በኋላ ፈገግ አላለም ይባላል።

ተረቱ በብዙ አገር በልዩ ልዩ መልኩ ይገኛል። በዚህ መንደር ሥር የሰደደው ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው፤ ጎት የተባለው ሆቴል የመጀመሪያ ባለቤት ዴቪድ ፕሪቻርድ ታሪኩን ከመንደሩ ስም ጋር አያይዞ፣ መቃብሩንም አሰናድቶ ጎብኚ እንደሳበበት የአካባቢው ታሪክ ይመዘግባል። ከመንደሩ ድልድይ በግላስሊን ወንዝ ዳር የሚሄደው ሜዳማ መንገድ ዛሬም ወደ መቃብሩ ያደርሳል። በዛፍ ጥላ ስር፣ በአጥር የተከበበ ድንጋይ ነው፤ ውሻ የያዙ መንገደኞች እዚያ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው የውሻቸውን ራስ ሲዳብሱ ይታያሉ። በአማርኛ በከንቱ የፈሰሰ፣ ጠያቂ የሌለው ደም «ደመ ከልብ» ይባላል። የጌለርት ታሪክ የዚህ አባባል ተቃራኒ ነው፤ ተረት ይሁን እውነት፣ የአንድ ውሻ ደም በከንቱ እንዳይቀር አንድ መንደር ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ጠይቆለታል።

ከነፃነቱ ጀርባ ያለው ክትባት

የብሪታንያ ውሻ በፐብ ውስጥ በማያውቁት ሰዎች እግር መካከል መተኛት የቻለበት አንድ ትልቅ ምክንያት የእብድ ውሻ በሽታ ከአገሩ መጥፋቱ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሽታው በየከተማው ነበር። ውሾች አፋቸው እንዲሸፈን ታዘዘ፤ ከውጭ የሚገቡት ለረጅም ጊዜ ተለይተው እንዲቆዩ ተደረገ። በሽታው በ1902 ጠፋ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ይዘዋቸው በገቡ ውሾች በ1918 ተመለሰ፤ በ1922 ዳግም ተወገደ። ከውጭ የሚመጣ ውሻ ስድስት ወር በለይቶ ማቆያ የመቆየቱ ግዴታ የላላው በየካቲት 2000 ነው፤ በምትኩ ማይክሮ ቺፕና ክትባት ተተካ።

ለኢትዮጵያ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በሽታው ዛሬም ሰው ይገድላል፤ በብዙ ቤት ውሻ ከግቢ የማያልፈው፣ ልጆችም ከማያውቁት ውሻ እንዲርቁ የሚመከሩት በምክንያት ነው። ጉዳቱ እስከ ዱር ይደርሳል። በ1991፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ከመንደር ውሾች የተዛመተው በሽታ በባሌ ተራሮች የሚኖሩትን ቀይ ቀበሮዎች ፈጅቷል፤ በዓለም የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱት ወደ 500 ብቻ ናቸው። ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሳሰረው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአካባቢው የገበሬዎችን ውሾች ሲከትብ ቆይቷል። ውሻ በነፃነት የሚሄድበት ተራራ አስቀድሞ ውሻው የተከተበበት ተራራ መሆን አለበት።

ከኢትዮጵያ ውሻውን ይዞ ወደ ብሪታንያ ለሚሄድ ሰው ዝግጅቱ ወራት ይፈጃል። ውሻው ማይክሮ ቺፕ ይደረግለታል፤ ከዚያ ይከተባል፤ ቢያንስ ከ30 ቀን በኋላ ደሙ ተመርምሮ ክትባቱ መያዙ ይረጋገጣል፤ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይጠበቃል። ብሪታንያ ከመግባቱ በፊት ከ24 እስከ 120 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥም ሐኪም የኮሶ መድኃኒት ይሰጠዋል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ውሻው በባለቤቱ ወጪ ለይቶ ማቆያ ይገባል ወይም ይመለሳል።

ለጉዞው የሚያስፈልገው

እዚያው ለሚኖር ተጓዥ ነገሩ ቀላል ነው። በአገሪቱ ባቡሮች አንድ መንገደኛ እስከ ሁለት ውሻ ያለ ክፍያ ይዞ መሳፈር ይችላል፤ በአውቶቡስ ብዙ ጊዜ የሹፌሩ ፈቃድ ነው። በመኪና ውስጥ ውሻው ሹፌሩን እንዳያውክ መታሰር ወይም በሣጥን መሆን አለበት። በእንግሊዝ ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ማይክሮ ቺፕ ግዴታ ነው፤ በአደባባይ ደግሞ በአንገቱ ማሰሪያ ላይ የባለቤቱ ስምና አድራሻ መጻፍ አለበት። ኤክስ ኤል ቡሊ የተባለው ዝርያ በእንግሊዝና በዌልስ ከየካቲት 2024 ወዲህ ያለ ልዩ ምስክር ወረቀት መያዝ የተከለከለ ነው፤ ምስክር ወረቀት ያለውም በአደባባይ አፉ ተሸፍኖ በገመድ ይሄዳል። ብዙ የባሕር ዳርቻዎች በበጋ ወራት ለውሻ ዝግ ስለሚሆኑ ሰሌዳውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ነው፤ ውሃና የሚታጠፍ ሳህን፣ ፎጣ፣ የላስቲክ ከረጢት፣ መዥገር ማውጫ፣ ትርፍ ገመድ። በጸደይ ፀሐይ የምትሞቅ እፉኝት በመንገድ ዳር ልትገኝ ትችላለች፤ በብሪታንያ ያለችው መርዛማ እባብ እርሷ ብቻ ናት። በበጋ አረንጓዴ ሽፋን የያዘ ሐይቅ ውሃ ውሻን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ስለሚችል ከዚያ ማጠጣትም ሆነ ማስዋኘት አይገባም። በሙቀት ቀን ውሻን በመኪና ውስጥ ትቶ ወደ ፐብ መግባት በፍጹም አይገባም።

ለገጠር ተጓዦች በ1951 የወጣውና በ2021 የታደሰው የሥነ ምግባር መመሪያ ከሚያዘው ሁሉ ገበሬዎች አጥብቀው የሚጠብቁት አንድ ነገር አለ፤ በርን እንዳገኙት መተው። ክፍት ያገኙትን ክፍት፣ ዝግ ያገኙትን ዝግ። ሕጉ መንገዱን ከፍቷል፣ ባለ ፐቡ በሩን ከፍቷል፤ ሁለቱም ክፍት ሆነው የሚቆዩት ገመዱን በያዘው ሰው ጥንቃቄ ነው። ውሻ ይዞ የሚወጣ ሁሉ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ውሻም እንደሚሄድ አስቦ ይሂድ።